ሐይቅ ዳር የዘመተው ድርቆሽ

ቤት እያለው ሜዳ ላይ የሚያድር ሰው ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ ወይ ሚስቱ ያባረረችው፣ ወይ ፈረንጅ። ይህን የምላችሁ ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ፈረንጅ ሳልሆን፣ ሚስቴም ሳታባርረኝ... እንዲያውም ራሷ ከኋላ ከኋላዬ እየገፋችኝ ሜዳ ላይ አድሬ አይቼዋለሁ።

ጣጣውን ያመጣው አንድ ቡልጋርያዊ ነው። እሠራበት ወደነበረው ፋብሪካ ማሽን ሊተክል የመጣ ሰው ነበር። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክሎ ያድራል። እኛ ደግሞ "ምስኪን፣ ቤት አልሰጡትም መሰለኝ" እያልን ከልባችን እናዝንለት ነበር። ለካ ሰውየው እየተዝናና ኖሯል፤ ነገሩም በእነሱ አገር ካምፒንግ ይባላል አሉ። ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ ድንኳኑን ለእኔ ሰጠኝ። እኔም ቁም ሳጥኑ ላይ ወረወርሁት፤ ሚስቴ አስካለ ባትኖር ኖሮ እስካሁንም እዚያው ነበር።

አስካለ የወረታ ልጅ ናት። ስትቆጣ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ ዝቅ ነው የምታደርገው። የዓመት ፈቃዴ ሊደርስ ሲል አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ዘንድሮም ልትተኛ ነው?"

"ፈቃድ ማለት ምን ማለት ነው ታዲያ?"

"ልጆቹ እኮ አባታቸውን ቆሞ አይተውት አያውቁም።"

ይህ ግፍ ነው፤ ለራት ስነሣ ያዩኛል። ግን ድምፅዋ በጣም ዝቅ ብሎ ስለነበር አልተከራከርሁም። ድንኳኑን አወረድሁት።

ሐይቅ ዳር ሊታደር ነው ከተባለ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ምን ይበላ የሚለው ነው። አስካለ ዶሮ ወጥ ሠርታ በድስት ልትይዝ አሰበች። የባሕር ዳርን ሙቀት የምታውቁ ሰዎች እዚህ ላይ ከእኔ ጋር ናችሁ፤ ጠዋት የተሠራ ወጥ ከሰዓት በኋላ ያለ እሳት ይንተከተካል። እኔ ደግሞ ከአልጋ መነሣቱ ላይ እንጂ ከተነሣሁ በኋላ ዕቅድ ማውጣት ላይ ሰነፍ አይደለሁም።

"የማይበላሽ፣ እሳት የማይፈልግ፣ ልጅ የሚሸከመው" አልኋት ጣቴን እያጠፍሁ።

"እንዲህ ያለ ምግብ እያለ እኔን ምን ብለህ አገባኸኝ?"

በመጨረሻ ተስማማን። ማለቴ እሷ ዝም አለች። አንደኛ በሶ፤ በሶ ውኃ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ጣና ደግሞ ውኃ አላነሰውም። ሁለተኛ ቋንጣ። ሦስተኛ ድርቆሽ። አራተኛ ዳቦ ቆሎ፤ ይህኛውን የሚበላሽ ነገር እስካሁን አልተፈጠረም፤ የሚበላሸው ጥርሳችሁ ነው። አስካለ ገብሱን ቆልታ አስፈጨች። እኔም ቋንጣውን ገመድ ላይ ሰቀል፣ ድርቆሹን ሰሌን ላይ ዘርጋ አድርጌ ግቢያችን ውስጥ አሰጣሁት። ግቢያችን አጥር የለውም።

የሳትሁት እዚህ ላይ ነው። ወጣት አንባቢዬ፣ አንተ አታስታውሰው ይሆናል እንጂ ያን ጊዜ ድርቆሽ ዝም ብሎ ድርቆሽ አልነበረም። ሰሜን ጦርነት ነበር። ቀበሌው ለሠራዊቱ ስንቅ አዋጡ ይለናል፤ እናቶችም ያደርቃሉ፣ ይቆላሉ፣ ያስፈጫሉ። ዝመት የተባለ ሰው ያለበት ቤት ገና ከሩቅ ይታወቃል፤ ገመዱ ላይ ቋንጣ፣ ሰሌኑ ላይ ድርቆሽ። እንግዲህ እኔ ይህን ሁሉ በጠራራ ፀሐይ ለሰፈሩ አሳየሁት።

መጀመሪያ ያዩት ጎረቤታችን እማማ ዘርፌ ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው ደሳለኝ ወታደር ነው። እኛ ሰፈሩ ስንገባ ዘምቶ ስለነበር መልኩን አላውቀውም። እሳቸውም ወሬውን ከሰሙ ዓመት አልፏቸው ነበር። ድርቆሹ አጠገብ ቆመው ብዙ ካዩት በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

"መቼ ነው ልጄ?"

"ቅዳሜ ነው እማማ።"

"እንዲህ አጣደፉህ?"

"ኧረ ማንም አላጣደፈኝ። ራሴ ነኝ የመረጥሁት።"

"ወደህ?" አሉ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው።

"አስካለም ገፋፍታኛለች።"

አስካለን ከዚያ በፊት አይተዋት በማያውቁት ዓይን አዩአት።

"ወዴት ነው ታዲያ የምትሄደው?"

"ሐይቅ ዳር።"

"ሐይቅ ዳር ምን አለ?"

"ምንም የለም። ልንተኛ ነው።"

"ቤት እያለህ?"

ቡልጋርያዊውን ላስረዳቸው ጀምሬ ነበር፤ እሳቸው ግን በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው "ገባኝ ልጄ... አይነገርም" አሉኝና ወደ ቤታቸው ገቡ።

ከዚያ በኋላ እውነቱን የነገርሁት ሰው ሁሉ ይጠቅሰኝ ጀመር። "ሐይቅ ዳር ነው የምሄደው" ስል "አዎ፣ አዎ፣ ሐይቅ ዳር" ይሉና ትከሻዬን መታ መታ ያደርጉኛል። "ልጆቼንም ይዤ ነው እኮ" ስል "ወረታ ለአማቶቹ ሊያስረክባቸው ነው" እያሉ ዘወር ብለው ያለቅሳሉ። ፀጉር አስተካካዩ ሳልጠይቀው እንደ ወታደር ላጨኝና ሂሳብ አልቀበልም አለ። በዚህ መካከል ስንቁ መጉረፍ ጀመረ። አንዷ በሶ፣ አንዷ ዳቦ ቆሎ፣ አንዷ ድርቆሽ በማዳበሪያ... ቅዳሜ ሲቃረብ ልጆቹ የሚተኙበት ቦታ ጠፋ። አስካለ በማዳበሪያዎቹ መካከል ቆማ "ይህን ሁሉ ማን ሊበላው ነው?" አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር።

የቀበሌው ሊቀመንበርም መጣ። እሱ እንኳ ነገሩ ሳያደናግረው አልቀረም።

"ስምህ እኛ ዘንድ አልደረሰም" አለኝ። "ከበላይ በቀጥታ መጥቶ ይሆናል። የሆነው ሆኖ ቀበሌያችን ኮርቶብሃል።"

"ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ እኮ ዕረፍት ልወጣ ነው።"

"ሁላችንም ከድል በኋላ እናርፋለን፣ ጓድ" ብሎ ጨበጠኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ልንወጣ ስንል እማማ ዘርፌ ከአቡጀዲ የተሰፋች ትንሽ ከረጢት ይዘው መጡ። አፏ በቀይ ክር ታስሯል። በሶ ናት።

"ደሳለኝን ስታገኘው ስጥልኝ" አሉኝ።

አሁን ሣቅ አልመጣልኝም። "እማማ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ እኔ ጦር ሜዳ አልሄድም።"

"አትሄድም ልጄ" አሉኝ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። "ብትሄድ ግን።"

ከረጢቷን ጉያዬ ውስጥ ከተቱልኝ። ምን ማድረግ ነበረብኝ? እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ይዣት ወጣሁ፤ የሰፈሩ ስንቅም በጋሪ ተጭኖ ተከተለን።

የሰፈርነው ከዓባይ ድልድይ ማዶ፣ ከጎንደር መንገድ ወደ ሐይቁ ገባ ብሎ ነው። ሰፈሩ ወደ ሰሜን የሸኘኝ ሰውዬ እዚያው አፍንጫው ሥር ድንኳን እየተከልሁ ነበር። ድንኳኑ የቡልጋርያ ትምህርት ስለሚያስፈልገው አንድ ወገኑ ቆሞ አንድ ወገኑ ተኝቶ ቀረ። እኔ የተኛውን ወገን መረጥሁ።

ስለ ምግቡ ልንገራችሁ። የማይበላሽ ምግብ ችግሩ አለመበላሸቱ ነው። ለምሳ በሶ፣ ለራት ድርቆሽ፣ ለቁርስ ዳቦ ቆሎ፤ ነገ ደግሞ ለምሳ ድርቆሽ፣ ለራት በሶ። አራታችን ተደርድረን ዳቦ ቆሎ ስናደቅቅ ድምፁን የሰማ ጉማሬ ከውኃው ብቅ ብሎ አየንና ተመልሶ ገባ። ከእኛ ትንሽ ራቅ ብለው ታንኳቸውን ያሳረፉ ዓሣ አጥማጆች ቀረሶ እየጠበሱ ነበር። ሽታው በቀጥታ ወደ ድንኳናችን ነው የሚነፍሰው።

"ዓሣ እንግዛ" አለች አስካለ።

"ዓሣ ይበላሻል።"

"ሳይበላሽ እንበላዋለን።"

"ዕቅድ ዕቅድ ነው" አልሁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ እንዲህ ያልሁት በደረቀ ቋንጣ መንጋጋዬ ተይዞ ነው።

የእማማ ዘርፌን ከረጢት የድንኳኑ ምሰሶ ላይ አንጠልጥያት ነበር። ያቺ ከረጢት ዕረፍቴን በላችው። ወደዚህ ስገለበጥ አያታለሁ፣ ወደዚያ ስገለበጥ አያታለሁ። ትልቁ ልጄ እጁን ሲሰድባት በቁጣ መታሁት፤ ከዚያ በፊት ልጅ መትቼ አላውቅም፣ ተኝቼ ስለምውል አይመቸኝም ነበር። ልጁ ሲያለቅስ አስካለ ቀና ብላ አየችኝ።

"ምን ብለህ ነው የምትመልስላቸው?" አለች።

"እኔንጃ።"

"ባዶዋን እንዳትመልስ። እንደ ያዝኻትም እንዳትመልስ።"

ይህን ያለችው ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ ነው። ስለዚህ የባሰ ጨነቀኝ። ባዶዋን ብመልስ ውሸት ነው፤ እንደ ታሰረች ብመልስ አሮጊቷ ምን እንደሚያስቡ አውቃለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የመኪና ድምፅ ሰማን። ወደ ጎንደር የሚያልፉ ኦራሎች ወታደር ጭነው መንገዱ ዳር ቆሙ፤ ወታደሮቹ ወርደው ፊታቸውን ሊታጠቡ ወደ ሐይቁ መጡ። እኔ፣ አልጋ የማልለቅ ሰውዬ፣ ከረጢቷን ይዤ በካልሲ ሮጥሁ።

"ከእናንተ መካከል የባሕር ዳሩ ደሳለኝ አለ? እናቱ በሶ ልከውለታል።"

መጀመሪያ ሁሉም ከረጢቷን አዩ። ከዚያ አንዱ ፊቱን እየጠረገ "እኔ ነኝ" አለ።

"እኔ ነኝ እንጂ" አለ ከጎኑ ያለው።

"ደሳለኝ እኔ ነኝ" አለ ሦስተኛው፤ ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ነው፣ አማርኛውም ገና አልጠናም። ከመኪናው ላይ ሳይወርዱ የቀሩትም እጃቸውን አወጡ። ሾፌሩ ሳይቀር በመስኮት "አቤት" አለ።

እኔም ተንኮለኛ ነኝ። "እሺ፣ የእናትህ ስም ማነው?" ብዬ አንድ በአንድ ጠየቅሁ።

"ወለተ ማርያም።"

"ፋጡማ።"

"ጫልቱ።"

"ለተብርሃን።"

ማንም ዘርፌ አላለም። ግን ሁሉም ሳያመነቱ ነበር የመለሱት፤ አንዱም የዋሸ አልመሰለኝም። አንድ ሸምገል ያለ አሥር አለቃ ቀረብ አለና "አይድከሙ ጋሼ፤ ሁላችንም ነን" አለኝ።

ቀዩን ክር ፈታሁት። አንድ አንድ ጭብጥ እንኳ አልደረሳቸውም። ዘወር ስል አስካለና ልጆቹ የሰፈሩን ማዳበሪያ ሁሉ እየጎተቱ መጡ፤ ድርቆሹ፣ ቋንጣው፣ ያ የተረገመ ዳቦ ቆሎ። ወታደሮቹ በሶውን በጣና ውኃ እየበጠበጡ፣ ዳቦ ቆሎውን እየሰበሩ በሉ። ቀሪውን ኪሳቸው ሞሉት። ሊነሡ ሲሉ ደግሞ እያንዳንዱ መልእክት ሰጠኝ።

"ጥርሴ ተሽሎኛል በላት።"

"በሬውን እንዳትሸጠው በላት።"

"የሰጠችኝ ሹራብ አልጠፋብኝም በላት።"

ጢም ያላወጣው ልጅ የሚለውን አጣና "ደኅና ነኝ... በላት" ብሎ ወደ መኪናው ሮጠ። ኦራሎቹ አቧራ አስነሥተው ሄዱ። አስካለ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሐይቁን ታይ ነበር። ትንሽ ቆይታ ከዓሣ አጥማጆቹ ቀረሶ ገዛች፤ ቆመን በላነው። ዕቅዱን ያነሣ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ሰፈር ስንገባ ሴቶቹ በእልልታ ተቀበሉኝ። ከግንባር በሦስተኛው ቀን የተመለሰ ሰው ከእኔ በፊት አልነበረም፣ ከእኔም በኋላ አልሰማሁም። ሊቀመንበሩ ቀስ ብሎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና "አለቀ እንዴ?" አለኝ።

እማማ ዘርፌ እልልታው ውስጥ አልነበሩም። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ባዶዋን ከረጢት ከነክሯ እጃቸው ላይ አደረግሁላቸው።

"አገኘኸው?"

ዋሽቼ ልገላገል ነበር፤ ዓይናቸውን ሳይ አቃተኝ። እውነቱን ነገርኋቸው። ድንኳኑን፣ መኪናዎቹን፣ ሁሉም ደሳለኝ ነኝ ማለታቸውን፣ የእናቶቻቸውን ስም። ዘርፌ ያለ እንዳልነበረም ነገርኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

"መልእክት አላሉም?"

"ብለዋል። አንዱ ጥርሴ ተሽሎኛል በላት አለ።"

"እሰይ። ጥርስ ክፉ ነው።"

"አንዱ ሹራቡ አልጠፋብኝም አለ።"

"ይልበሰው፤ ብርድ ነው አሉ አገሩ።"

"አንዱ ደግሞ... በሬውን እንዳትሸጠው አለ።"

"በሬ የለኝም" አሉ። ትንሽ አሰቡና "ግን አልሸጠውም" አሉ።

ከረጢቷን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው ሲያስተካክሏት ቆዩና፣ ስፋቷን በስንዝራቸው ለክተው ቀና አሉ።

"ለዚያ ሁሉ ደሳለኝ ይህቺ ምን ትበቃለች? ሰፋ አድርጌ እሰፋለሁ። አንተ ቀጣዩ ፈቃድህ መቼ ነው?"