የእድላዊት ዘመቻ ወደ ሦስቱ ጓጉንቸሮች

በዘመነ ቢፒአር፣ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ከሥር መሠረታቸው ተለውጠው ጠረጴዛቸውን ከግድግዳ ወደ መስኮት ባዞሩበት ወራት፣ በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ በወርኃ መጋቢት፣ እድላዊት በተሾመች በመጀመሪያው ዓመት ይህ ሆነ። እድላዊትም ድምፀ ለስላሳ፣ ከዩኒቨርሲቲ በማዕረግ የተመረቀች፣ በአዲስ ከተማ ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ የሥልጠና ባለሙያ፣ ወንበር ስትስብ ወንበሩን ይቅርታ የምትጠይቅ፣ በስብሰባ እጇን አውጥታ ተራው ሳይደርሳት ስብሰባው የሚዘጋባት ነበረች።

በዚያም ዘመን ከአብነት ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚያሻግረው ሰፈር፣ በአንዲት ጠባብ ቅያስ ውስጥ አንድ ግንብ ነበረ። ከአትክልት ተራ ጋሪ የሚገፉ፣ ኩንታል የሚሸከሙ፣ የሚሸጡና የሚገዙ፣ ክራቫት ያሰሩም ያላሰሩም ወንዶች ሁሉ ፊታቸውን ወደ ግንቡ፣ ጀርባቸውን ወደ ዓለም አድርገው ያጠጡት ነበር። በላዩም በቀይ ቀለም በሁለት መስመር «እዚህ መሽናት በሕግ ያስቀጣል» ተብሎ ተጽፎበት ነበር፤ ነገር ግን ጽሕፈቱ ከታች እየተበላ ሄዶ «እዚህ መሽናት» የሚለው ብቻ ቀረ፤ ለአገሩ እንግዳ የሆነም ሰው ቦታው የተፈቀደ መስሎት አመስግኖ ይጠቀም ነበር።

ከግንቡ ትይዩ የእትዬ ራዲያ የቅመም ሱቅ ነበረች። ቅመም በአፍንጫ የሚገዛ ነገር ነውና፣ ገዢ ኮረሪማውን ፈልፍሎ ወደ ፊቱ ባስጠጋ ጊዜ የግንቡ ሽታ ቀድሞት ይደርስ ነበር፤ ገዢውም ኮረሪማውን መልሶ፣ ራዲያን በአዘኔታ አይቶ፣ መንገዱን ይቀጥል ነበር። ስለዚህ ራዲያ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ያቆመቻትን ሱቅ በወሩ መጨረሻ ዘግታ ወደ ወራቤ፣ ወደ ወንድሟ ቤት ልትገባ ቆረጠች፤ ወንድሟም ክፍል አዘጋጀላት። ይህን ለእድላዊት በነገረቻት ጊዜ እድላዊት መሬት መሬቱን እያየች «አይዘጉም፣ እትዬ ራዲያ» አለቻት። ቃሉ ከአፏ እንዴት እንደ ወጣ ለራሷም ገርሟት፣ የቀረበላትን ሻይ ሳትጨርስ ተነሥታ ሄደች።

መድኃኒቱ ሩቅ አልነበረም። ከግንቡ ዝቅ ብሎ ለሚሊኒየሙ በዓል የተሠራ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት፣ በሩ አረንጓዴ፣ ቆርቆሮው የሚያብለጨልጭ፣ ማንም ሳይገባበት ቆሞ ነበር፤ ርክክብ አልተፈጸመም ነበርና። የጽዳት ክፍሉ ሹም አቶ ባህረዲን «እኔ ያሠራሁትን ሳላስረክብ አይነካም» ብለው ጓጉንቸር ቁልፍ አደረጉበት። የደንብ አስከባሪዎቹ አለቃ አቶ ጓንጉል «እኔ ሳልረከብ አይከፈትም» ብለው ሁለተኛ ጨመሩ። የኮሚዩኒቲ ፖሊሲንጉ ዋና ሳጅን ኪዳነ ማርያም ደግሞ ሁለቱ እንዳይጋጩ ሲሉ ለሰላም ብለው ሦስተኛውን ቆለፉ። ከዚያ ወዲህ ሦስቱም ቁልፋቸውን በወገባቸው አንጠልጥለው፣ በየመንገዱ እየተሳሳሙ፣ ስለ ርክክቡ ግን አንዳቸው የሌላውን ደብዳቤ እየጠበቁ ኖሩ።

ከዚህ በኋላ ከበላይ አካል ትእዛዝ ወረደ፤ ሦስቱ ተቋማት «አዋኪ ድርጊቶችን በጋራ ስለ መከላከል» ይሠለጥኑ ዘንድ፣ አሠልጣኟም እድላዊት ትሆን ዘንድ። እርሷም ይህን ዕለት ተስፋ አድርጋ፣ ሦስቱን በአንድ አዳራሽ ካገኘኋቸው ስለ በሩ እነግራቸዋለሁ ብላ፣ የምትለውን በልቧ እየደጋገመች ገባች። ነገር ግን የመክፈቻው ንግግር ረዘመ፤ የቡድን ውይይቱም ረዘመ፤ ሠልጣኞቹ በሁሉም ነጥብ ተስማምተው ሁሉም ተጠናክሮ ይቀጥል አሉ፤ በየመካከሉም የታሸገ ውኃ ጠጡ፣ በውኃውም ላይ ሻይ ደገሙ። የአዳራሹ መጸዳጃ ቤት ደግሞ ውኃ ከጠፋበት ሰንብቶ ተዘግቶ ነበር።

እድላዊት «ስለ አንድ በር» ብላ በጀመረች ሰዓት አቶ ባህረዲን ስልካቸውን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው፣ ማንም ሳይደውልላቸው «አቤት» እያሉ ወጡ። አቶ ጓንጉልም ተከተሉ። ዋና ሳጅንም በወታደር እርምጃ፣ ግን ከወታደር ፈጠን ብለው ወጡ። እድላዊት የቀሩትን ባዶ ወንበሮች አየች፤ ሠልጣኞቿ ጥለዋት እንደ ሄዱ፣ ለራዲያም የሰጠችው ቃል ከእነርሱ ጋር እንደ ሄደ ተረዳችና ጠመኔዋን እንደ ያዘች ተከትላ ወጣች።

ከአዳራሹ አቅራቢያ ባለችው በዚያችው ቅያስ ውስጥ አገኘቻቸው። ግንቡ ሥር፣ ጎን ለጎን፣ በማዕረግ ተራ ቆመዋል። ሦስቱ ተቋማት በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ ለአንድ ዓላማ የተሰለፉት በታሪካቸው ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

ራዲያም ከሱቋ ደጃፍ ቆማ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «የሰፈር ሰው ስማ። መንግሥት ቅያሳችንን አያውቃትም እያልን ስናማ ኖርን፤ ይኸው ሙሉ በሙሉ መጣልን። ጋሼ ሳጅን፣ ቀስ ብለው ይጨርሱ፤ የሚያስቸኩልዎ የለም፣ ገዢ እንደሆነ ከሄደ ቆየ።»

ተሸካሚው ሶሬሳም ኩንታሉን ከጀርባው ሳያወርድ አወጀ፦ «መሐል ያሉት የደንቡ ጋሼ ባለፈው እዚችው ላይ ቀጥተውኛል። ደረሰኝም ቆርጠውልኛል፤ እውነቱን ለመናገር ጽሕፈታቸው ያምራል። ዛሬ ለእሳቸው ማን ይቁረጥላቸው?»

ሹማምንቱም ሳይዞሩ፣ ለግንቡ እያወጁ መለሱ። አቶ ጓንጉል «ጉዳዩ የጽዳት ነው» አሉ፤ አቶ ባህረዲን «የፀጥታ ነው» አሉ፤ ዋና ሳጅንም «የደንብ ነው» አሉ። ራዲያ ይህን ሰምታ የሱቋን አንደኛውን መዝጊያ ገጠመች።

እድላዊት የመዝጊያውን ድምፅ በሰማች ጊዜ አፏን ከፍታ ተናገረች፤ ማንም አልሰማም። ደግማ ግን አወጀች፤ ጋሪ ገፊዎች ጋሪያቸውን እስኪያቆሙ ድረስ አወጀች፦ «ጋሼ ባህረዲን፣ ጋሼ ጓንጉል፣ ጋሼ ሳጅን፤ ሥልጠናው አላለቀም። የመስክ ልምምዱ አሁን ነው። ሦስታችሁም ቁልፋችሁን ይዛችሁ ወደ አረንጓዴው በር ኑ። መጀመሪያ ግን እጃችሁን ታጠቡ።»

አቶ ባህረዲን «ርክክቡስ፣ ልጄ?» ቢሉ «እዚያው በሩ ላይ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፤ እርስዎ ያስረክባሉ፣ ጋሼ ጓንጉል ይረከባሉ፣ ጋሼ ሳጅን ይመሰክራሉ» አለች። ሦስቱም ሱሪያቸውን አስተካክለው ዞሩ፤ ሕዝቡ ከኋላ ነበረና፣ ጉዳያቸውንም ገና አልጨረሱም ነበርና።

ራዲያ በማንቆርቆሪያ ውኃ አፈሰሰችላቸው፤ ሠራዊቱም ተነሣ። በፊት እድላዊት ጠመኔዋን እንደ ዘንግ ይዛ፣ ቀጥሎ ሦስቱ ሹማምንት አካሄዳቸው የተጣበበ፣ ቀጥሎ ሶሬሳ ከነኩንታሉ፣ ከእርሱም በኋላ ሊስትሮዎች፣ ሎተሪ አዟሪዎች፣ ፍራሽ በራሳቸው ላይ የተሸከሙ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቁ የተከተሉም ብዙዎች ነበሩ። በበሩም ላይ የጽዳቱ ጓጉንቸር ተከፈተ፤ የደንቡም ተከፈተ፤ የሰላሙ ግን ዝጎ እምቢ አለ። ያን ጊዜ ራዲያ ከሱቋ የጥቁር አዝሙድ ዘይት አምጥታ አጠጣችው፤ ዋና ሳጅንም በሁለት እጃቸው፣ በሁለት ጉልበታቸውም እየተጨነቁ ጠመዘዙት፤ ተፈታ። ሦስቱ ማዕረግ ረስተው ወደ በሩ ሲጋፉ ሶሬሳ «በሰልፍ፣ ጋሼዎች፤ ሠልጥናችሁ የለ» ብሎ አወጀ።

በወሩ መጨረሻ አንዲት ሴት ከራዲያ ሱቅ ኮረሪማ አሸተተች፤ ደግማ አሸተተች፤ ከዚያም በዋጋው እስክትሰለች ተከራከረች፣ ራዲያም በደስታ ተከራከረቻት። ማታውን ወንድሟ ክፍሉ ተቀብቶ እንደ ቆየ በስልክ ቢነግራት «አከራየው» አለችው።

ስለዚህ እድላዊት ድምፀ ለስላሳ፣ ፈታሒተ ጓጉንቸር፣ አሠልፋ ያሠለጠነች፣ የሹማምንትን ጀርባ ወደ ፊት የመለሰች፣ ከዚያም በኋላ ምስጋናውን አፍራ ሳምንቱን ሙሉ በሌላ ቅያስ የዞረች፣ በመርካቶ ተራዎች ሁሉ ስሟ ይክበር። አበዛችሁት የሚለን ቢኖር ወደ ሥፍራው ይሂድና ግንቡን በመዳፉ ይንካው፤ ደርቋል።