የምርቃና ጽዳት

በምርቃና የሚያጸዳ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጅቡቲ ውስጥ አብሬው ሠርቻለሁ። ሙሉጌታ ይባላል። ወደብ ለሚገቡ የጭነት መኪናዎች የወረፋ ፕሮግራም አንድ ኮምፒውተር ላይ ሆነን እንጽፍ ነበር። እስከ ቀትር ድረስ ጠረጴዛውን እንኳ አይወለውልም። ሰባት ሰዓት ላይ ጫቱ ከተማ ገብቶ መቃም ሲጀምር ግን ዓለም ሁሉ ቆሻሻ ሆኖ ይታየዋል።

አንድ ቀን እንግዳ ልቀበል አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ብሄድ፣ እሱ ብራንቾችን ማጽዳት ጀመረ። ብራንች ማለት ዋናውን ኮድ ሳንነካ ለየብቻ የምንሠራበት ቅርንጫፍ ነው፤ የራሱ ፎልደር አለው። የእኔ ጋ ሲደርስ ኮምፒውተሩ በትሕትና፣ «ያልተቀመጠ ሥራ አለበት፤ አልሰርዝም» አለው። እምቢታ በምርቃና ይቻላል እንዴ? በግድ የሚሰርዘውን ትእዛዝ ሰጠው። የሦስት ሳምንት ሥራዬ ከነፎልደሩ ጠፋ።

ስመለስ «ወንድሜ፣ አጸዳሁልህ!» አለኝና ምስጋናዬን ይጠብቅ ጀመር። እኔም መጥረጊያ አነሳሁና እግሩ ሥር የተከመረውን የጫት ገራባ መጥረግ ጀመርኩ። ዘሎ እጄን ያዘኝ።

«ኧረ ቀስ! ሳታይ ትጥላለህ እንዴ? ያልተቃመ ቅጠል አለበት!»