የባዘነ ከብት ሁሉ ባለቤት

ባለቤቱ ያልታወቀ ነገር በተገኘ ቁጥር ከሰው ሁሉ ቀድሞ ደርሶ «የኔ ነው» የሚል ሰው የማይገኝበት አገር የለም።

በእኛ በቴክሳሱ አውራጃ ይህ ማዕረግ የክቡር አቶ ሃይረም ፔቲግሩ ነበር። የባዘነ ከብት ያገኘ ሰው ግቢው አስሮ ለዳኛ ኦክስሊ ያስታውቃል፤ ሦስት ጎረቤቶች መጥተው ከብቱን ያዩና ምልክቱን እንደማያውቁት ይምላሉ፤ ማስታወቂያው ፍርድ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል። ዓመት ሙሉ ጠያቂ ካልመጣ ከብቱ ላገኘው ሰው ይጸናል። አቶ ፔቲግሩ ግን የማስታወቂያው ሙጫ እስኪደርቅ እንኳ አይታገሡም።

በቅሎ ኖሯቸው አያውቅም፤ የባዘነች በቅሎ ግን የእሳቸው ናት። ቀይ ወይፈን፣ አንድ ዓይና በሬ፣ ሁሉም የእሳቸው ነው። ከብቱን ዞረው ዞረው ያዩና ያገኘውን ሰው በጥያቄ ያጣድፉታል፤ «በየት በኩል መጣች? ሰው ይከተላት ነበር? ኮርቻስ ነበራት?» አንድ ጊዜ ይህንኑ ስለ እሪያ ቢጠይቁ የአንጥረኛው የባክነር ሚስት እስክታነባ ስቃለች። «የኔ ነው» ብለው መማል ግድ ሲሆን «ተሳስቻለሁ» ብለው ባርኔጣቸውን ደፍተው ይሄዳሉ።

«አቶ ፔቲግሩ፣» ይላቸው ነበር አንጥረኛው ባክነር፣ «ወንዙ ዳር አንዲት እንቁራሪት ባለቤት አጥታ ተቀምጣለች።»

«ወደየት ዞራ ነው የተቀመጠችው?» ይላሉ፣ ፈገግ ሳይሉ።

ሳቃችን ግን ብዙ አይቆይም። አንድ ልጃቸው ሉተር በባዝራ ፈረሱ ተቀምጦ ከከብት ነጂዎች ጋር ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ አልተመለሰም። ነጂዎቹ ሲመለሱ «አንድ ማታ ከመንጋው የወጡ ጥጆች ሊፈልግ እንደሄደ ቀረ» ከማለት በቀር የነገሯቸው የለም። እናቱ በዚያው ክረምት ሞተች። አባትየው የልጃቸውን ወሬ የሚያመጣ ሰው ቢያጡ ጊዜ፣ ከሚመጣ ከብት መጠየቅ ጀመሩ።

ድርቁ በጠናበት መከር፣ እኔም ባሌን ቀብሬ ብቻዬን ስኖር፣ አንድ ጧት አንዲት ባዝራ ደጄ ቆማ አገኘሁ። የጎን አጥንቷ ይቆጠራል። ሆዷ ሥር የበሰበሰ የኮርቻ ጠፍር ተንጠልጥሏል። ጭኗ ላይ የተተኮሰው ምልክት መንጠቆ ነው። የፔቲግሩ ቤት ምልክት መንጠቆ መሆኑን በአውራጃው የማያውቅ ሕፃን እንኳ አልነበረም።

ወደ ዳኛው ላክሁ። ኦክስሊ ሦስቱን ጎረቤቶች ይዞ መጣ፤ አቶ ፔቲግሩም ወሬውን ሰምተው ደረሱ። መንገድ ለቀቅንላቸው። ባዝራዋ አፍንጫዋን ደረታቸው ውስጥ ወሸቀች። እሳቸው ጠፍሩን አዩ፤ የተላጠ ጀርባዋን አዩ። ስለ ኮርቻ አልጠየቁም።

«የኔ አይደለችም» አሉ።

ከሆነች ሉተር ሞቷል። ካልሆነች ግን የሆነ ቦታ እየጋለበ ነው።

ዳኛው ወደ ሦስቱ ዞረ። «ይህን ምልክት የሚያውቅ አለ?»

የመንጠቆውን ብረት በገዛ እጁ የቀጠቀጠው ባክነር ነበር። ቀኝ እጁን አነሣ። «አላውቀውም» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። ሌሎቹ ሁለቱም እንደዚያው ማሉ። ኦክስሊ «ባለቤቷ ያልታወቀ» ብሎ ጻፈ። አቶ ፔቲግሩ ሲሄዱ ባዝራዋ እስከ አጥሩ ተከትላቸው አሽካካች። ዞረው አላዩም።

ከዚያ ወዲያ ለማንም ከብት አልመጡም። እኔ ዘንድ ግን እሑድ እሑድ፣ ኪሳቸውን በቆሎ ሞልተው እየመጡ፣ ስሜን ጠርተው፣ «የሎቪና ፈረስ እንዴት ሰነበተች?» ይላሉ። ከጋማዋ ጭጎጎት ይለቅማሉ፤ ሰኮናዋን ይጠርባሉ። እኔም የእሑድ ምሳ ለሁለት ማብሰል ለመድሁ። ቢዘገዩ ደጅ ደጁን አያለሁ።

ዓመቱ ሲሞላ ዳኛው ባዝራዋ እንደጸናችልኝ ላከብኝ። አጥሩ ዘንድ ሄጄ ነገርኋቸው። ጋማዋን ማበጠር አላቋረጡም።

«እንግዲህ ስም ያስፈልጋታላ» አሉ።

«እርስዎ ያውጡላት።»

እጃቸው ጋማዋ ላይ ቀረ።

«ፊቢ በያት፣» አሉ፣ «ትሰማሻለች።» ከዚያም ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ለአንድ ቀን ታውሺኛለሽ፣ ሎቪና? ከሚስቴ መቃብር አጠገብ ወስጄ የማቆመው ሌላ የመቃብር ድንጋይ አለኝ።»