ወደ ጀርባ የሸሸች ልጅ

እኛ መንደር ሕፃን እናቱን ይውደድ አይውደድ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። እናቲቱ ውኃ ልትቀዳ ወረድ ስትል ልጁ ሲያቀልጠው ሦስት ቀበሌ ይሰማል፤ አለቀ። ሮም ግን፣ እናንተዬ፣ ለዚሁ ጉዳይ ክፍል ይዘጋጃል፣ ሰዓት ይያዛል፣ ግድግዳው ላይም ከወዲህ ሲያዩት መስታወት፣ ከወዲያ ሲያዩት መስኮት የሆነ ነገር ይተከላል። ከመስኮቱ ኋላ ዶቶሬሳዋ፣ የሕፃናት ጠባይ መርማሪዋ ሐኪም፣ ትቀመጣለች። የመነጽሯ ውፍረት ሮም ካለው ፒኜቶ ሰፈር ሆና የኛን መንደር የሚያሳያት ይመስላል። አትቀየሟት፤ እናቶችን ላግዝ ብላ ነው የተነሣችው። እኔም የትምህርት ቤትን ደጅ እንጂ ውስጡን አላውቅምና ሙያዋን አልንቅም። የገጠመንን ግን ልንገራችሁ።

አገር ቤት «እናት አገር ወይም ሞት» እየተባለ በሚፎከርበት በዚያ ዘመን፣ የአገሬ ልጅ ዘነበች የያዘችው ጉዳይ የአንዲት እናት ብቻ ነበር። ሰው ቤት እያደረች ስለምትሠራ ልጇን ምሕረትን መነኮሳት ዘንድ አስቀምጣታለች። ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ፈቃድ ሲሰጣት ታወጣትና፣ እስኪመሽ አዝላት ባቡር ጣቢያውን ተርሚኒን ስትዞር ትውላለች። አሁን «ከነልጅሽ ነይ» የምትል አሠሪ ሲኞራ አገኘች። መነኮሳቱ ደግሞ ልጅቷ እናቷን ማወቋን ዶቶሬሳዋ ካልጻፈች አንሰጥም አሉ።

በአስተርጓሚነት ሄድኩ። ምርመራው ቀላል ነው፤ እናትና ልጅ ይቀመጣሉ፣ ልጅቷ የማታውቀው ሰው ይገባል፣ እናት ትወጣለች፣ ከዚያ ትመለሳለች። ልጅቷ ያደረገችው ሁሉ ይጻፋል። ያን ቀን ግን እንደማይታወቅ ሰው የምትገባው ረዳት ታማ ቀረች። ዶቶሬሳዋ ፊቴን ትክ ብላ አየችና «ይኼ ይሆናል» አለች።

ዘነበች ስትወጣ ምሕረት የለቀቀችው ጩኸት ተርሚኒ የቆመ ባቡር ያለ ሰዓቱ አስነሥቷል። እንደ አህያ አናፋሁ፣ እንደ አውራ ዶሮ ጮኽኩ፣ ሠርግ ቤት ያፈረስኩባቸውን ጨዋታዎች ሁሉ አወጣሁ። ባሰባት። ዘነበች ተመልሳ ተንበረከከችና እጇን ዘረጋች። ልጅቷ ድክ ድክ እያለች መጣች፣ መጣች፣ የተዘረጋውን እጅ አልፋ ወደ እናቷ ኋላ ዞረች።

ዶቶሬሳዋ ፊቷ አዝኖ ወጣች። ብዕሯ ጽፎ ጨርሷል።

«ምን አለች፣ ጋሼ?» አለችኝ ዘነበች።

«ሸሸችሽ ነው የምትለው።»

«ወዴት ነው የሸሸችኝ? ጀርባዬ ላይ እኮ ናት።»

ጎንበስ ብላ አፈፍ አደረገቻት፤ ነጠላው በቅጡ ሳይታሰር ልጅቷ እንቅልፍ ወሰዳት። ዘነበች ሄዳ ጠረጴዛው ፊት ቆመች።

«ንገራት ጋሼ። እውነቱን እስክትጽፍ ከዚህ አልነቃነቅም።»

ተረጎምኩ፤ ትንሽም ጨመርኩበት። «እስከ ፋሲካ ትቆማለች፤ ይቺን አያውቋትም» አልኩ። ወቅቱ ጥቅምት ነበር።

 ዶቶሬሳዋ ተነሥታ ዘነበችን በኋላዋ ዞራ አየቻት። መስኮቱ ያላሳያት ነገር ያለው እዚያ ነው፤ የልጅቷ ጉንጭ የእናቷ ትከሻ ላይ ተለጥፏል፣ ለሀጯም ነጠላውን አርሶታል።

«አሎራ»፣ እንግዲያውስ እንደ ማለት፣ አለችና የጻፈችውን ቀደደችው።

አዲሱን አነበበችልን። ልጅቷ እናቷን ታውቃለች፤ ለመታዘል ወደ ኋላዋ ትዞራለች ይላል። ከሥሩ ስለ እኔም አንድ መስመር አለች፦ «የማታውቀው ሰው ሊያባብላት ብዙ ሞክሮ አልተሳካለትም።» ሰው ማሳቅ ኑሮዬ ነው፤ ከሽፎብኝም ያውቃል። ክሽፈቴ በማኅተም ተረጋግጦ አንዲት ልጅን ከእናቷ ጋር ያኖረው ግን ያን ቀን ብቻ ነው። የራሴ ወረቀት፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሆነው ፔርሜሶዬ፣ ግን እስከ ዛሬ ገና እየታየ ነው።