የክንፈ እጅና የታመመው ኮምፒውተር

[መካነ ሰላም፤ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። እትዬ ይርገዱ ኮምፒውተር ቤቷ ውስጥ የልጇን የሰብሌን የሠርግ ጥሪ እያተመች ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን መሀል ላይ ድርግም ይላል። ጥሪውን የሚወስደው የአጅባር ሚኒባስ ሊነሳ ነው። ጎረቤቷ ክንፈ፣ ደሴ ከተማ ጥቂት ወር ተምሮ ከመጣ ወዲህ የማያውቀው ነገር የለም፤ ቢኖርም እሱ አያውቀውም። ዛሬም እንደ ልማዱ ገና ሲገባ እጁ ያገኘውን ጋቢ ተከናንቦ ተቀምጧል።]

ክንፈ፦ ራሙ ነው አልኩዎት።

ይርገዱ፦ ትናንት ሃርድ ዲስኩ ነው ብለህ አልነበር?

ክንፈ፦ ትናንት ሃርድ ዲስኩ ነበር። ዛሬ ወደ ራሙ ተዛመተ።

ይርገዱ፦ እንደ ቁርጥማት?

ክንፈ፦ እንደሱ ያስቡት። [ቁልፉን ይጫናል፤ ኮምፒውተሩ ይነሳል።] አዩ? አንድ ብሎን አልፈታሁም። እጄን ያውቃል።

ይርገዱ፦ ወላሂ እጅህ መድኃኒት ነው። አንተ ስትኖር ይሠራል፣ እግርህ ሲወጣ ይሞታል።

ክንፈ፦ ደሴም እንዲሁ ይሉኝ ነበር።

ይርገዱ፦ እንግዲያ እንዳትነሳብኝ። የአጅባር ዘመድ ጥሪው ካልደረሰው፣ ልጇን ስትድር ረሳችን ብሎ እስከ መቃብሬ ነው የሚቀየመኝ። እንባዬ መጥቷል።

ክንፈ፦ አብሽሩ። እኔ እያለሁ ምን ሁነው።

[ማተሚያው ወረቀት ማውጣት ይጀምራል። ክንፈ ሾፌሩን “ጠብቀን” ሊል ጋቢውን ወንበር ላይ ጥሎ ወደ በሩ ይሄዳል። ይርገዱ ጋቢውን አንስታ ኮምፒውተሩን ከአናቱ እስከ እግሩ ትጠቀልለዋለች። ኮምፒውተሩ አጓርቶ አጓርቶ ድርግም።]

ይርገዱ፦ ይኸው፣ ገና እግርህን ስታነሳ።

ክንፈ፦ ምን እያደረጉ ነው?

ይርገዱ፦ እያለበስኩት ነዋ።

ክንፈ፦ ኮምፒውተር?

ይርገዱ፦ ሲሠራ ትንፋሹ ይሞቃል። ያላበው ነገር በዚህ ብርድ ካልተሸፈነ ይመታዋል። ኮምፒውተሩን የተከልክልኝ ቀን “እንደ ልጅ ያዙት” አላልክም?

ክንፈ፦ በሙቀት ነውኮ የሚሞተው። መተንፈሻውን ደፍነውበት… አላዋቂ ሳሚ አሉ፤ አይቀየሙኝ እንጂ።

ይርገዱ፦ አልቀየምም። [ጋቢውን ታነሳለች።] ግን ንገረኝ፣ በመጣህ ቁጥር ይህን ጋቢ ከየት አንስተህ ነው የምትለብሰው?

ክንፈ፦ ከ… [ኮምፒውተሩን ያያል።] ከዚሁ፣ ከላዩ።

ይርገዱ፦ ከላዩ ስታነሳ ከሥሩ ምን ያለ መስሎህ ነበር?

ክንፈ፦ በርዶኝ ነበር እትዬ። አላስተዋልኩም።

ይርገዱ፦ እኔስ ደሴ አልተማርኩም። ለካ ሲያድነው የከረመው እጅህ ሳይሆን ብርድህ ነው።

[ኮምፒውተሩ ቀዝቀዝ ሲል ይነሳል፤ የቀረው ጥሪ ታትሞ ያልቃል። ከውጭ የሚኒባሱ ጡሩምባ ይሰማል። ክንፈ አንገቱን ደፍቶ ጥሪውን ይታቀፋል።]

ክንፈ፦ በሉ፣ ይህን ላድርስልዎት።

ይርገዱ፦ ቆይ፣ ጋቢውንም ይዘኸው ሂድ።

ክንፈ፦ ለእኔ? ስለ ድካሜ?

ይርገዱ፦ ለኮምፒውተሩ ጤና። ጋቢው ከቤቴ ከወጣ አንተም ለጥገና መምጣት የለብህም።