የብርድ አበል

ይህን ታሪክ ግማሹን የነገረችኝ ባለታሪኳ ዘውዴ ራሷ ናት፤ ሌላውን ግማሽ ጄኔቫ ዳር ኦኔ በሚባለው ሰፈር ከምንኖርበት ፎቅ ላይ በዓይኔ አየሁ፣ በጆሮዬም ሰማሁ። ወሬ አነፍናፊ እንዳትሉኝ። ከበላዬ ሰው እየኖረ ጆሮዬን ደፍኜ ልቀመጥ እንዴ?

መቼም መንግሥት ሠራተኛውን ሩቅ አገር ሲልክ ከደመወዙ ላይ አበል ይጨምርለታል። ለቤቱ፣ ለልጁ፣ ለክረምት ካፖርቱ። እኔ ፊደል ከመቁጠር ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ ግን ነገሩን ሳስበው አበል ማለት «እዚያ የሚጎድልብህን በዚህ ሙላው» ማለት ይመስለኛል። የእኛ ሰው ደግሞ ጉድለቱን እንደጎደለ ይተወውና አበሉን ያስቀምጠዋል። እዚህማ ተራ እየጠበቀ ነው እንጂ መች ይኖራል! ኑሮው የሚጀመረው አዲስ አበባ ሲመለስ ነው።

የዘውዴ ባል ጓድ ይልማ እንዲያ ያለ ሰው ነበር። በደርግ ጊዜ በመንግሥት ሥራ ጄኔቫ ተልኮ የመጣ፣ ጸጥ ያለ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ። እኛን ስደተኞቹን ሊፍት ውስጥ ሲያገኘን የፎቁን ቁጥር እንደ ጋዜጣ ያነባል። አልፈርድበትም፤ ያን ጊዜ እኛን ሰላም ያለ ሰው ስሙ አዲስ አበባ ይደርሳል ይባል ነበር። ዘውዴ ግን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ የእሷ ተራ ጠዋት፣ የእኔ ከሰዓት ስለሆነ አታመልጠኝም። እዚያ ምድር ቤት ለስደተኛም ለባለሥልጣን ሚስትም ማሽኑ አንድ ነው።

አንድ ጥር በስስ ሹራብ ስትንቀጠቀጥ አገኘኋት።

«አንቺ ልጅ፣ ካፖርት የለሽም?»

«አለኝ እትዬ። ሳሎን ቆሟል።»

«ካፖርት ደግሞ ይቆማል?»

«ማቀዝቀዣ ሆኗላ!» አለችና ሳቀች።

ለካስ ይልማ የራሱን፣ የሚስቱንና የልጁን የብርድ አበል አጠራቅሞ ማቀዝቀዣ ገዝቶበታል! ያውም ባለሁለት በር። ወጥ ቤቱ የራሱ አለው፤ ይኼኛው ለአዲስ አበባ ነው። ሶፋው ከነላስቲኩ፣ ቴሌቪዥኑ ከነካርቶኑ ተቀምጧል። ትንሿ ልጃቸው ማርታ ቴሌቪዥን ማየት ሲያምራት እኔ ዘንድ ትወርዳለች። ቤታቸው መጋዘን፣ እነሱ ዘበኞቹ።

ግን አትሳቁበት። ይልማ ከወንድምና እኅቶቹ ጋር ባንዲት ክፍል የኪራይ ቤት ተደራርቦ ያደገ ሰው ነው። ዕቃ ይዞ መግባት ለእሱ ሰው ሆኖ መግባት ነው። እናቱም እዚያው ክፍል ሆነው ይጠብቁታል።

ከዚያ ጊዜው ሳይደርስ ጥሪ መጣ፤ «ከነቤተሰብህ ባስቸኳይ ተመለስ» የሚል። አለቃው ሥራውን ጥሎ እዚሁ ጥገኝነት ጠይቆ ስለነበር ጥርጣሬው በሥሩ ወደነበሩት ዞረ። ቀደም ሲል እንዲህ የተጠራ ባልደረባቸው ቦሌ ከወረደ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ታዲያ ይልማ መጀመሪያ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ዕቃ ጫኞቹን ጠራ። ካርቶኑ ሁሉ ወደ አሰብ ተላከ።

ባዶ ቤት ያስተጋባል። ያን ምሽት ጆሮዬን ሳላቀና ሁሉም ወደ እኔ ወረደ።

«እንቅር ይልማ። እነእትዬ እየኖሩ አይደል?»

«ዕቃውስ?»

«ዕቃው ይሂድ። እኛ እንቅር።»

«ባለቤቱ ካልቀረበ ይወረሳል እኮ! ይኼን ሁሉ ዓመት የተንቀጠቀጥሽው ለማን ነው?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቅህ። እኔ ተንቀጥቅጬ ጨርሻለሁ። ልጄን ይዤ የትም አልሄድም።»

የይልማ እርምጃ ባዶው ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ተመላለሰ።

«በቃ እናንተ ቆዩ» አለ ይልማ። «እኔ ዕቃውን አውጥቼ ለእማዬ አስረክብና እመለሳለሁ።»

እመለሳለሁ! እናንተዬ፣ መውጫ ቪዛ እንዴት እንደሚከለከል እንኳን የመንግሥት ሰው እሱ፣ እኔም አውቃለሁ። እሱም ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። ግን ሰው ኑሮውን ካርቶን ውስጥ አስቀምጦ ከኖረ፣ ካርቶኑ ሲሄድ ምን ይዞ ይቀራል? ፈርቶም ነበር፤ ድምፁ ያስታውቃል። ፍርሃቱን እንኳ ለአዲስ አበባ ያስቀመጠው መሰለኝ።

በሄደ ቀን ሊፍት ውስጥ ተገናኘን። በእጁ ትንሽ ሻንጣ ይዟል። ቁጥሩን ማንበብ ትቶ ወደ እኔ ዞረ።

«እትዬ፣ ማርታን አደራ።»

ለእኔ ብሎ ከአፉ ያወጣው የመጀመሪያው ቃል ይኸው ነው።

አሰብ ላይ ጉምሩኩ «ቤተሰብህስ?» ብሎ ዕቃውን ያዘበት። ይልማ ታሰረ፣ ተፈታ፣ ከሥራ ተሰናበተ፤ መውጫ ቪዛ ሳያገኝ እናቱ ቤት ሞተ። ዘውዴ የመኖሪያ ፈቃዷን አግኝታ እዚሁ ጄኔቫ አጠገብ ካሩዥ ውስጥ አረጋውያን መጦሪያ ቤት ተቀጥራ ሠራች፤ አሁን ጡረታ ወጥታለች። ማርታ ዙሪክ ነርስ ናት። አባቷን ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው በሰባት ዓመቷ ነው።