ቅቤ የማይስማማት እናቴ

የፎገራ ሰው ስለ ቅቤ ክፉ ከሚሰማ ስለ ራሱ ቢሰማ ይመርጣል። ታዲያ አንድ ለጋ ሐኪም እዚሁ ወረታ ተቀምጦ፣ ያውም ፊት ለፊቴ፣ ቅቤን ሲያማ ዝም ብዬ መስማቴ ምን ይባላል? ደረጃ ስወጣ ደረቴን ጨምድዶ ባይዘኝ ኖሮ ተነሥቼ በወጣሁ ነበር።

እሱ እንዳለው፣ የበዛ ቅባት የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ይበላሻል፤ ቅቤ ሲቆይ እንደሚከረፋው ማለት ነው። ሰውነትን የሚጠብቁት ነጭ የደም ሕዋሶች ያንን ሊያጸዱ ይገቡና ሲውጡ ሲውጡ አብጠው እዚያው ይቀራሉ። መንገዱም ይጠባል። ጎመንና ቲማቲም ብልሽቱን ይከላከላሉ፣ ተልባም ለልብ ደግ ነው አለኝ። ለጥበቃ ሄዶ ግብዣ ላይ መቅረት! ነጮቹ ሕዋሶች ዘመዶቼን መሰሉኝ።

ሐሳቤ ግን እናቴ ወደምትኖርበት ወደ ቁሐር ሚካኤል ሄደ። ቅቤ የሚላክልኝ እኔ እንዲህ ከሆንኩ፣ ወተቱን የምትንጠው እናቴማ እንዴት ልትሆን ነው? ፈራሁ። የራሴን ሕመም ደብቄ፣ ለምርመራ ያህል ነው ብዬ እያባበልኩ አመጣኋት። እሷም ባዶ እጇን አልመጣችም፤ አንድ ቅል ቅቤ ታቅፋለች።

ልቧ ደህና፣ ደሟ ደህና ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ተገርሞ ምን እንደምትመገብ ጠየቃት። ሽሮ፣ ጎመን፣ ተልባ አለችው። እኔም እንደ አዋቂ ጣልቃ ገብቼ፣ ቅቤ ድሮም አይስማማትም አልኩ። እንዴት እረሳለሁ? ክረምት ሜዳው ባሕር ሆኖ ከቤት ስንውል፣ ገንፎው መሐል ቅቤውን ታፈስልኝና እሷ ከዳር ከዳር በተልባ ትበላ ነበር። ለምን ስላት፣ አይስማማኝም ትለኛለች። እኔም ደስ እያለኝ መሐሉን እጨርሰዋለሁ። ያን ገንፎ የመሰለ ነገር እስከ ዛሬ አልቀመስኩም።

እናቴ ወደ ሐኪሙ ዞር አለችና፣ «ኧረ የምን አለመስማማት ልጄ! ለሁለታችን አይበቃም ነበር እንጂ» አለችው።

አንገቴን ደፋሁ። ያን ሁሉ ዓመት ከእናቴ አፍ ነጥቄ ስበላ ኖሬያለሁ፣ አፈርኩ።

ቤት ገብተን ምሳ ሲቀርብ፣ ቅቤውን አቅልጣ እኔ ፊት አንቆረቆረችው። ሳህኑን ወደ እሷ ገፋሁና፣ እማዬ አንቺ ብዪው፣ እኔ ቅቤ አይስማማኝም አልኳት። ከት ብላ ሳቀችና ሳህኑን መለሰችልኝ። የሷ ውሸት ሆኖ ሳለ ዕድሜዬን ሙሉ አመንኳት፤ የኔ በሐኪም የተመሰከረ እውነት ለአንድ ምሳ እንኳ የሚያምነው አጣ።